በባለቤቱ ላይ የሚዘጋ በር

ግሸን ዛሬ በየዓመቱ መስከረም 21 ምእመናን የሚጎርፉባት፣ ግማደ መስቀሉ ያረፈባት የአምባሰል አምባ ናት። በቀደመው ዘመን ግን ተራራዋ ሌላም ሥራ ነበራት፤ የነገሥታቱ ልጆችና ወንድሞች ይቆለፉባት ነበር። ዙሪያዋ ገደል፣ አናቷ ሜዳ፣ መውጫዋ ጠባብ ስለሆነ ግንብ አላስፈለጋትም፤ በሩን የሚጠብቅ ሰው ይበቃል።

የቁልፉ መነሻ ፍርሃት ነው። ይግባ ጽዮን በ1294 (ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ከሞተ በኋላ ባሉት አምስት ዓመታት ዙፋኑ ከእጅ እጅ ተቀባበለ፤ የልዑላኑ እስርም የመጣው ያ ሽሚያ እንዳይደገም ተብሎ እንደሆነ ይተረካል። ሌባ የሚያግድ ቁልፍ ብዙ ነው፤ የግሸኑ ግን የሚያግደው የቤቱን ልጆች ነበር።

ንጉሥ ሲሞት መኳንንቱ ከእስረኞቹ አንዱን መርጠው ያወርዳሉ። ዘርዓ ያዕቆብ በ1434፣ ናዖድም በ1494 ከአምባው ወርደው እንደነገሡ ይነገራል። ትናንት እስረኛ የነበረው ዛሬ ጃንሆይ ነው። ዘበኛው ግን ልዑሉን ከልጅነቱ ጀምሮ ቢያውቀውም በሩን በራሱ ፈቃድ አይከፍትም፤ ትእዛዙ ከወዲያ፣ ከቤተ መንግሥት መምጣት አለበት።

በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ይህን ጥበቃ በአካል ቀምሶታል። መንገድ ስተው ወደ አምባው ቢጠጉ በድንጋይ እንደተቀበሏቸው ጽፏል። ስለ አንድ የልብነ ድንግል ወንድምም ያወራል። ልጁ ከአምባው ሾልኮ እናቱ ዘንድ ደረሰ፤ እናትየው ግን ልትደብቀው አልደፈረችም፣ ወስዳ ለንጉሡ አስረከበችው። ከድንጋዩ ይልቅ ያ ፍርሃት የበለጠ ይጠብቅ ነበር።

የአሕመድ ግራኝ ጦር በ1530ዎቹ ደጋግሞ ሞክሮ ያቃተውን አምባ በ1540 ገደማ ሰብሮ ገባ፤ ያለውን ዘረፈ፣ ያገኘውን ፈጀ። ልዑላንን የማሰሩ ልማድ በ17ኛው ምዕተ ዓመት በፋሲለደስ ዘመን ወህኒ አምባ ላይ ተመልሶ ቆመ።

የኮምፒውተር በር ታሪክ አጭር ነው፤ ጠባዩ ግን ለግሸን ዘበኛ እንግዳ አይሆንበትም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካው ኤምአይቲ ብዙ ሰው አንድ ማሽን መጋራት ሲጀምር የይለፍ ቃል መጣ። ብዙም ሳይቆይ፣ በ1966፣ ፋይሎች ተቀላቅለው የሁሉም ተጠቃሚ የይለፍ ቃል ለገባው ሁሉ የሰላምታ መልእክት ሆኖ ታየ። በ1992 ጄሚ ዛዊንስኪ ኤክስስክሪንሴቨር የተባለውን ስክሪን ቆላፊ ፕሮግራም ለቀቀ፤ በ1995 ደግሞ ዛሬ ሊኑክስ የተባለው ስርዓተ ክወና የሚሠራበት የማረጋገጫ ሥርዓት፣ ፓም፣ ይፋ ሆነ። ፓም ከመጣ ወዲህ ስክሪን ቆላፊው ራሱ አይፈርድም። የተጻፈለትን ቃል ለፓም ያቀርባል፣ መልሱን ይጠብቃል።

ዘበኛው ራሱ ቢወድቅስ? በጥር 2021 ሊኑክስ ሚንት ላይ የሆነው ይኸው ነው። ልጆች ስክሪኑ ላይ ያለውን የቁልፍ ሰሌዳ እንዳገኙ ሲነካኩ ቆላፊው ፕሮግራም ተሰናከለና ዴስክቶፑ ወለል ብሎ ተከፈተ። ግራኝ ዓመታት የፈጀበትን ልጆቹ በጨዋታ ጨረሱት።

ይህ ግን ብርቅ ነው። የዘወትሩ ችግር የግሸኑ ነው፤ በሩ ባለቤቱ ላይ ይዘጋል። የእኛ አገር ተጠቃሚ ዘንድ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የቁልፍ ሰሌዳው ነው። አማርኛ ሲጽፍ ቆይቶ ሳይቀይረው ከተቆለፈ፣ በላቲን የለመደው የይለፍ ቃል በፊደል ይገባል፤ ስክሪኑ የሚያሳየው ነጠብጣብ ብቻ ስለሆነ ስህተቱ አይታይም። ባለቤቱም ተናዶ ይደጋግመዋል። የፓም ቆጣሪ በሚሠራባቸው የሊኑክስ ዓይነቶች ደግሞ ሦስተኛው ስህተት ላይ ሒሳቡ ይታገዳል። ከዚያ በኋላ ትክክለኛው ቃል ቢጻፍም መልሱ «አይሆንም» ነው፤ እገዳው ካልተቀየረ በቀር 10 ደቂቃ ይቆያል።

መላው ከመቸኮል ይልቅ ማን እንደከለከለ መለየት ነው። በመቆለፊያው ስክሪን ጥግ ላይ የሰሌዳውን ቋንቋና ትልልቅ ፊደል ማድረጊያውን ማየት ይቀድማል። ያ ካልሠራ ኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ3 አብረው ሲጫኑ በብዙዎቹ ላይ ጽሑፍ ብቻ ያለው ሌላ መግቢያ ይመጣል። የይለፍ ቃሉ እዚያ ካስገባ ጥፋቱ የቆላፊው ወይም የሰሌዳው ነው፤ ሥራውም ሳይጠፋ ከዚያው በትእዛዝ ስክሪኑን ማስከፈት ይቻላል። እዚያም ከከለከለ ግን እጅን ከሰሌዳው አንስቶ 10 ደቂቃውን መጠበቅ ይሻላል።