የኃይል ብቃት፦ ከከፈልንበት ሙቀት ስንቱ ድስቱ ውስጥ ይገባል?

ቃሉ፦ ኢነርጂ ኢፊሸንሲ። በአማርኛ፦ የኃይል ብቃት። ፍቺው፦ አንድ መሣሪያ ከወሰደው ኃይል ውስጥ ለታሰበለት ሥራ የዋለው ድርሻ፣ በመቶኛ ሲሰላ።

ቃሉ በመሐንዲሶች ዘንድ የቆየ ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810 ደግሞ የኃይል ብቃትንና ቁጠባን በሕግ የሚታይ ጉዳይ አድርጎታል። ዛሬ ግን ከሁሉ አብልጦ የሚያስፈልገው ሆቴል ላለው፣ ምሳ ቤት ለከፈተ፣ የተማሪ ካፌ ለሚያስተዳድርና እንጀራ ጋግሮ ለሚያከፋፍል ሰው ነው።

በሚዛን ተፈሪና በቴፒ ሐሳቡን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እሸት ቡና የሚገዛ ነጋዴ በልቡ የሚያሰላው የሚወጣውን ንጹሕ ቡና ነው፤ ከስድስት ኪሎ እሸት አንድ ኪሎ ገደማ ይገኛል። የመብራት ቆጣሪ የሚመዝነው እሸቱን ነው። ምግቡ ውስጥ የገባው ሙቀት ንጹሕ ቡናው ነው። በድስቱ ጎን ሽቅብ ያመለጠው፣ ግድግዳውንና የምግብ አብሳይዋን ፊት ያሞቀው ሁሉ ገለባ ሆኖ ቀርቷል፤ ተከፍሎበታል ግን።

ብቃት ከቁጠባ ይለያል

ሁለቱ ቃላት አብረው ስለሚነገሩ ብዙ ጊዜ ይቀላቀላሉ። ቁጠባ መቀነስ ነው፦ ምድጃን ቶሎ ማጥፋት፣ ያለ ሥራ አለማጋል። ብቃት ደግሞ ያንኑ ምግብ፣ ያንኑ ያህል ሰሃን፣ ባነሰ ኃይል ማውጣት ነው። ከእንግዳው ሰሃን ምንም አይጎድልም።

ገበያ ላይ በብዛት የሚሰማው ስሕተት «ዋቱ አነስተኛ ስለሆነ መብራት አይበላም» የሚለው ነው። ዋት የሚነግረን መሣሪያው ኃይል የሚስብበትን ፍጥነት ብቻ ነው። ሂሳብ የሚመጣው ፍጥነቱ በሰዓት ተባዝቶ፣ በኪሎዋት ሰዓት ነው። ባለ 1000 ዋት ምድጃ አንድን ድስት ለማብሰል ሁለት ሰዓት ከፈጀበት 2 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል። ባለ 2000 ዋቱ በ40 ደቂቃ ከጨረሰው 1.3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። ስለዚህ ምድጃ ሲገዛ ከዋቱ በፊት መጠየቅ ያለበት ብቃቱ ነው።

ለምን አሁን?

ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የኤሌክትሪክ ታሪፍ በየሩብ ዓመቱ ከፍ እያለ ለአራት ዓመት እንዲዘልቅ ተወስኗል። መብራት ርካሽ ነው ብሎ ምድጃን እንደበራ መተው ያለፈ ዘመን ልማድ ሆኗል።

ወደ ማገዶ መመለስም መፍትሔ አይሆንም። በዚህ አካባቢ ዝናቡ የዓመቱን አብዛኛውን ወር ይዘልቃል፤ ፍልጡም እርጥብ ነው። እርጥብ ፍልጥ ሙቀቱን መጀመሪያ የሚያውለው የራሱን ውሃ ለማትነን ነው፤ ድስቱ የሚያገኘው ከዚያ የተረፈውን ነው። በሦስት ጉልቻ ላይ ደረቁም ቢሆን ብቃቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ ገደማ ነው። ፍልጡ የሚመጣውም ለቡናው ጥላ ከሚሰጠው ደን ነው። ዩኔስኮ በ2010 እ.ኤ.አ. የካፋን፣ በ2012 ደግሞ የሸካን ደን በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መዝግቧል። እነዚህ ደኖች የአገሩ የዝናብና የቡና ዋስትና ናቸውና ለምሳ ቤት ጉልቻ መዋላቸው ያሳዝናል።

አንድ ድስት ጎደሬ

ለምሳ የሚቀቀል ጎደሬ 20 ሊትር ውሃ ተጥዶበታል እንበል። ሚዛን ተፈሪ ከባሕር ወለል በላይ 1,450 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ በ95 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ውሃውን ከ20 ዲግሪ አንስቶ ለማፍላት ራሱ ውሃው የሚፈልገው 1.75 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ይህ በየትኛውም ምድጃ አይቀየርም፤ የሚቀየረው ቆጣሪው የሚያነበው ነው። ብቃቱ 85 በመቶ በሆነ ምድጃ 2.1 ኪሎዋት ሰዓት ያነባል። ሽቦው ባረጀ፣ የድስቱ ቂጥ ጎብጦ ከምድጃው ጋር በማይገጥምበትና ብቃቱ ወደ 50 በመቶ በወረደ ምድጃ 3.5 ያነባል። ልዩነቱ 1.4 ነው። በቀን ሦስት ድስት ለሚጥድ ቤት በወር 130 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይሆናል። ይህን ደረሰኝዎ ላይ በሰፈረው የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ያባዙት፤ የሚወጣው ብር በየወሩ ለገለባ የሚከፈል ነው።

ከፈላ በኋላ ያለው ደግሞ ይብሳል። አንድ ሊትር ውሃ ተንኖ ሲያልቅ 0.63 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይዞ ይሄዳል፤ ሰባት ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ የሚያፈላ ኃይል ማለት ነው። ክዳን የሌለው ድስት ለሁለት ሰዓት ሲንተከተክ ስንት ሊትር እንደሚያተን በኩሽና የዋለ ሁሉ ያውቀዋል፤ በየመሐሉ ውሃ የሚጨመረው ለዚህ ነው። የፈላ ውሃ ምንም ቢያነዱበት ሙቀቱ አይጨምርም፤ ሽቅብ የሚወጣው እንፋሎት ብቻ ይበዛል። ስለዚህ ከየትኛውም አዲስ መሣሪያ በፊት የሚገዛው የሚገጥም ክዳን ነው። ከፈላ በኋላም እሳቱን ዝቅ ማድረግ ነው።

መሣሪያዎቹ አንድ በአንድ

ፕሬሸር ኩከር። ከፍታ ላይ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ባቄላ፣ ቦሎቄና ሥጋ ለመብሰል ረጅም ሰዓት ይወስዳሉ። ፕሬሸር ኩከር እንፋሎቱን አፍኖ የውስጡን ሙቀት ከ110 ዲግሪ በላይ ያወጣዋል። ሰዓቱ ያጥራል፣ የሚተነውም ውሃ እጅግ ይቀንሳል። ጥራጥሬ በብዛት ለሚቀቅል ኩሽና ዋጋውን ቶሎ የሚመልሰው ይህ ነው።

የኤሌክትሪክ ምጣድ። በአብዛኛው ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት የሚስብ ስለሆነ በኩሽናው ውስጥ ትልቁ በላተኛ እሱ ነው። ሸክላው ወፍራም ከሆነ እስኪግል ብዙ ይጠጣል፤ ከታች መከላከያ ከሌለው ሙቀቱ ወደ ወለል ይወርዳል። ሲገዙ ሸክላው ቀጠን ማለቱን፣ ከሥሩም ሙቀት የሚያግት ነገር መኖሩን ይዩ። በአጠቃቀም በኩል ጠዋት አሥር፣ ከሰዓት አሥር ከመጋገር ሃያውን ባንድ ጊዜ መጋገር የአንዱን ማጋያ ኃይል ያተርፋል። የመጨረሻዎቹን ሁለት ሦስት እንጀራዎች ምጣዱን አጥፍቶ በያዘው ግለት መጋገርም ይቻላል።

ኢንዳክሽን ምድጃ። ይህ ምድጃ ራሱ አይግልም። ከመስታወቱ ሥር ያለው ጥቅል ሽቦ ማግኔታዊ መስክ ይፈጥራል፤ መስኩ በድስቱ ቂጥ ውስጥ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ የሚግለው ድስቱ ነው። ሙቀቱ የሚወለደው እዚያው ድስቱ ላይ ስለሆነ ብቃቱ 85 በመቶ አካባቢ ይደርሳል፤ ኩሽናውም አይታፈንም። ነገር ግን አብዛኛው ምግብ ቤት የያዘው የአሉሚኒየም ድስት አይሠራበትም፤ ሸክላም እንዲሁ። ትንሽ ማግኔት ይያዙና የድስቱን ቂጥ ይሞክሩት፦ ከያዘ ይሠራል፣ ካልያዘ አዲስ ድስት በዋጋው ላይ ይደመር። የመብራት መዋዠቅ በሚበዛበት ሰፈር ደግሞ ከስታቢላይዘር ጋር ካልሆነ ውስጡ ያለው ኤሌክትሮኒክስ ቶሎ ሊቃጠል ይችላል።

የማኪያቶ ማሽን። ቦይለሩ ሰው ኖረም አልኖረ ቀኑን ሙሉ ውሃውን ትኩስ አድርጎ ይጠብቃል። ከምሳ በኋላ ገበያ በሚቀዘቅዝባቸው ሰዓታት ማጥፋት፣ ቦይለሩም በሙቀት መከላከያ የተጠቀለለ መሆኑን ማረጋገጥ ተገቢ ነው።

ብቃትን በራስ ቆጣሪ መለካት

የሻጩን ቃል ብቻ ማመን የለብዎትም። በኩሽናው ያለውን ሌላ መሣሪያ ሁሉ ያጥፉ። 10 ሊትር የቧንቧ ውሃ በድስት ይጣዱና ይክደኑት። የቆጣሪውን ንባብ ይጻፉ። ውሃው ሲፈላ ወዲያው እንደገና ያንብቡ። በሚዛንና በቴፒ ከፍታ 10 ሊትር ውሃ ለመፍላት ራሱ የሚፈልገው 0.87 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ይህን ቆጣሪው ላይ ላዩት ልዩነት ያካፍሉት። ቆጣሪው 1.2 ከቆጠረ ብቃቱ 72 በመቶ ነው፤ 1.8 ከቆጠረ ግማሽ ያህሉ እየባከነ ነው። ያንኑ ሙከራ በሌላ ድስት ቢደግሙት ጥፋቱ የምድጃው ይሁን የድስቱ ይለያል።

ቃሉን በአገባቡ ስንጠቀምበት እንዲህ ይሆናል፦ «የዚህ ምድጃ የኃይል ብቃት ስንት ነው?» «ድስቱ ስለጎበጠ ብቃቱ ወርዷል።» «ዋቱ ከፍ ቢልም በኃይል ብቃቱ ይሻላል።» ጥያቄው በየሱቁ ሲደጋገም ሻጩ መልስ ይዞ እንዲመጣ ይገደዳል፤ ምጣድ ሠሪውም በውፍረትና በመከላከያ መወዳደር ይጀምራል።

ገንዘብ ለአጠረው ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ በመጀመሪያ ክዳንና ቂጡ ቀጥ ያለ ድስት፣ ቀጥሎ ፕሬሸር ኩከር፣ ከዚያ የተሻለ ምጣድ፣ በመጨረሻ ኢንዳክሽን። የመጀመሪያው ያተረፈው ለሁለተኛው መግዣ እንዲሆን ወርኃዊውን ልዩነት ለብቻው ማስቀመጥ ይበጃል። የጊቤና የኦሞ ውሃ ተገድቦ፣ ሕዳሴም ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ ኤሌክትሪክ የምናመነጭ አገር ሆነናል። ብዙ የተደከመበት ኃይል በክዳን አልባ ድስት እንዳይተን መጠበቅ ግን በእያንዳንዱ ኩሽና ባለቤት እጅ ያለ ሥራ ነው፤ ዛሬውኑ ቆጣሪውን በማንበብ ይጀመራል።