የድርብ ተግባር ኪሳራ

የድርብ ተግባር ኪሳራ የሚባለው ሁለት ነገሮች በአንድ ጊዜ ሲሠሩ፣ እያንዳንዳቸው ለብቻ ሲሠሩ ከነበረው ቅልጥፍና የሚጎድለው መጠን ነው። ለብቻው በ25 ሰከንድ ያለቀ ሥራ ሌላ ሲደረብበት 30 ሰከንድ ቢፈጅ፣ ኪሳራው 20 በመቶ ይሆናል። አንዳንዶች «ጫና» ማለትን ሊመርጡ ይችላሉ፤ ጫና ግን ስሜቱን እንጂ ልኩን አይናገርም። ኪሳራ ይሰላል።

ጤነኛ ሰውም ይከስራል። ጉዳዩ የሚከብደው እንደ መልቲፕል ስክለሮሲስ ባለ ሕመም ነው። በዚህ ሕመም የሰውነት መከላከያ ሥርዓት በአንጎል፣ በሕብለ ሰረሰርና በዓይን ነርቭ ላይ የነርቭ ክሮችን የሸፈነውን ማይሊን ያጠቃል። ሽፋኑ የተጎዳ ነርቭ መልእክቱን ያዘገያል፣ አንዳንዴም ያቋርጣል። ጣት ይደነዝዛል፣ ክንድ ይዝላል ወይም ይንቀጠቀጣል። በብዙዎቹ ታማሚዎች ላይ ደግሞ አእምሮ መረጃ የሚያስተናግድበት ፍጥነትም ይቀንሳል። ቀድሞ ሳይታሰብበት ይቆለፍ የነበረ የሸሚዝ ቁልፍ አሁን ዓይንና ሐሳብ ይፈልጋል። ሐሳቡን ወሬ ሲወስደው ቁልፉ ከጣት ያመልጣል።

ለእጅ የተለመደው መለኪያ ባለ 9 ቀዳዳ ሰሌዳ ነው። ተፈታኙ 9 ትንንሽ እንጨቶችን አንድ በአንድ እያነሳ ይሰካል፣ መልሶም ይነቅላል፤ ጊዜው በሰከንድ ይያዛል። ጤነኛ ጎልማሳ በ20 ሰከንድ ገደማ ይጨርሰዋል። ድርብ ተግባር ለማድረግ ተፈታኙ እየሰካ ከ100 ጀምሮ 7 እየቀነሰ ጮክ ብሎ ይቆጥራል፤ ወይም የእንስሳት ስም ይዘረዝራል።

ውጤቱን ማንበብ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። አንዳንዱ እጁን ላለማዘግየት ቆጠራውን ይተወዋል፤ ሌላው በቆጠራው ላይ ተጠምዶ እጁን ያቆማል። ስለዚህ ሰከንዱ ብቻ ሳይሆን የቆጠራው ስሕተትም መመዝገብ አለበት። መቶኛም ያሳስታል፦ ከ50 ወደ 55 ሰከንድ የዘገየ እጅ የከሰረው 10 በመቶ ብቻ ነው፣ ከ20 ወደ 24 የዘገየው ግን 20 በመቶ። ሆኖም በዕለት ኑሮ የበለጠ የሚቸገረው የመጀመሪያው ነው።

በድርብ ተግባር ላይ ከተደረጉ ጥናቶች አብዛኞቹ ያተኮሩት በእርምጃ ላይ ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. የስዊድን ተመራማሪዎች እየተራመዱ ሲያናግሯቸው ቆም የሚሉ አረጋውያን በኋላ የመውደቅ ዕድላቸው ከፍ እንደሚል ካሳዩ ወዲህ ዓይን ሁሉ ወደ እግር ዞረ፤ መብላት፣ መልበስና ስልክ መንካት በእጅ የሚሠሩ ሆነው ሳለ እጅ ቸል ተባለ።

የመልሶ ማቋቋም ባለሙያዎች አንዳንዴ ሁለት ሥራዎችን አጣምረው ያለማምዳሉ። አደጋ ባለበት ቦታ ግን፣ የፈላ ውኃ ሲቀዳ ወይም ሽንኩርት ሲከተፍ፣ ወሬውን ማቋረጡ ይሻላል። ዕቃ ከእጁ የሚያመልጠው በተለይ እያወራ ሳለ መሆኑን ያስተዋለ ታማሚ ይህን ለሐኪሙ መንገር ይኖርበታል፤ ጸጥ ባለ ክፍል የተሠራ ፈተና አያሳየውምና።