በበጀት የተዘጉ ትምህርት ቤቶች

በአሜሪካ አገር የሕዝብ ትምህርት ቤቶችን የሚያስተዳድረው የየአውራጃው የትምህርት ቦርድ ነው። ለመምህራን ደመወዝና ለሕንፃ ሥራ ከሚያስፈልገው ገንዘብ ከፊሉ የሚገኘው ግን ባለንብረቶች ከሚከፍሉት ግብር ሲሆን፣ በቨርጂኒያ ግዛት ይህን ግብር የሚወስነው የአውራጃው ምክር ቤት ነው። ነገሩ ለአንባቢ ደረቅ ቢመስልም፣ በፕሪንስ ኤድዋርድ አውራጃ የደረሰው መከራ በዚህች የአሠራር ቀዳዳ የገባ ስለሆነ አስቀድመን ልንገልጸው ወደድን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በአውራጃው ዋና ከተማ በፋርምቪል፣ ሮበርት ሞተን የተባለው የጥቁሮች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በ1939 ሲሠራ የታሰበው ለ180 ተማሪዎች ነበር። በ1951 ግን ተማሪዎቹ ከ450 በልጠው ነበር። ቦርዱም ሕንፃ በማስፋት ፈንታ፣ ቅጥራን በተቀባ ወረቀት የተለበጡ ዳሶች በግቢው ተከለ። በክረምት ወራት ከምድጃው አጠገብ የተቀመጠው ተማሪ በሙቀት ሲጨነቅ፣ ከግድግዳው ጥግ ያለው ካፖርቱን ሳያወልቅ ይማር ነበር።

ኤፕሪል 23 ቀን 1951 ባርባራ ጆንስ የተባለች የ16 ዓመት ልጃገረድ ከጓደኞቿ ጋር መክራ፣ ርእሰ መምህሩን በዘዴ ከግቢው አስወጥታ፣ ተማሪዎቹን በአዳራሽ ሰበሰበች። የጠየቁት የተሻለ ሕንፃ ነበር። ኦሊቨር ሂልና ስፖትስውድ ሮቢንሰን የተባሉት ጠበቆች ግን ክሱ ዘርን ከዘር የሚለየውን ሕግ ራሱን የሚቃወም እንዲሆን መከሩ፤ ወላጆችም ተስማሙ። ይህም ክስ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሜይ 17 ቀን 1954 በአንድነት ከፈረደባቸው 5 ጉዳዮች አንዱ ሆነ።

ፍርዱ ተፈረደ፤ የሚፈጸምበት ቀን ግን አልተቆረጠም። በ1959 የይግባኝ ፍርድ ቤት ነጮችና ጥቁሮች በመጪው ሴፕቴምበር አብረው እንዲማሩ ባዘዘ ጊዜ፣ የአውራጃው ምክር ቤት ለሕዝብ ትምህርት ቤቶች ምንም ገንዘብ አልመድብም አለ። በዚህ ውሳኔ የአውራጃው የሕዝብ ትምህርት ቤቶች በሙሉ ተዘጉ። በሩን ለመዝጋት ወታደር አላስፈለገም፤ ቃለ ጉባኤ በቃ። በመዝገብና በበጀት መካከል ለምንውል ለእኛ ይህ በቀላሉ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

ለነጮች ልጆች ወዲያው የግል ትምህርት ቤት ተከፈተላቸው፤ ቆይቶም ከመንግሥት ካዝና ለክፍያው ድጎማ ተሰጠ። 1,700 ያህል የጥቁሮች ልጆች፣ ከእነርሱም ጋር አንዳንድ ድኾች ነጮች፣ ያለ ትምህርት ቀሩ። ዘመድ ያለው ልጁን ወደ ሌላ አውራጃ ላከ፤ ኩዌከር የተባሉት ክርስቲያኖች ጥቂቶቹን በሌሎች ግዛቶች በየቤተሰቡ አስጠጉ፤ ሌሎች በቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት በበጎ ፈቃደኞች ጥቂት ተማሩ። የቀሩት ወደ እርሻ ወረዱ። ለትምህርት ደርሶ የነበረ የ6 ዓመት ሕፃን ፊደል ሳይቆጥር 10 ዓመት ሞላው።

በ1963 የፌዴራሉ መንግሥት ባበረታታው የእርዳታ ገንዘብ ነፃ ትምህርት ቤቶች ለአንድ ዓመት ተከፈቱ። ሜይ 25 ቀን 1964 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛው ሁጎ ብላክ በጻፉት ፍርድ፣ ምክር ቤቱ ግብር ጥሎ ትምህርት ቤቶቹን እንዲከፍት ሊታዘዝ ይችላል አለ። ሁለት ዳኞች በዚህ በመጨረሻው ነጥብ አልተስማሙም። በዚያው ዓመት በመከር የሕዝብ ትምህርት ቤቶቹ ተከፈቱ፤ ከነጮቹ ግን አብዛኞቹ በግል ትምህርት ቤታቸው ቀሩ። ያም ትምህርት ቤት ጥቁሮችን መቀበል የጀመረው በ1986 ነው።

ዛሬ የአውራጃው የአንደኛ፣ የመካከለኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በፋርምቪል በአንድ ግቢ ይገኛሉ። አሮጌው የሞተን ሕንፃ ሙዚየም ሆኗል። በ2003 ትምህርት ቤት ለተዘጋባቸው ሰዎች የክብር ምስክር ወረቀት ተሰጠ፤ በ2004ም የቨርጂኒያ ግዛት ያቋረጡትን ትምህርት እንዲቀጥሉ ገንዘብ መደበላቸው። በ1959 አንደኛ ክፍል ይገቡ የነበሩት ሕፃናት በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው 50 ዓመት አልፎ ነበር።