የተደራራቢ አሬይ ባዶነት ፍተሻ
የተደራራቢ አሬይ ባዶነት ፍተሻ፦ በድረ ገጽ ፕሮግራሚንግ፣ ሌሎች አሬዮችን (የዋጋዎች ስብስቦችን) በውስጡ የያዘ አሬይ ያልተሞላ ዋጋ እንዳለው እስከ ታች ወርዶ የማጣራት ዘዴ። የአዲስ አበባ አድራሻ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ በደንበኛው መረጃ ውስጥ አድራሻ፣ በአድራሻው ውስጥ ደግሞ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ፣ ፎቅና የቤት ቁጥር ይገባሉ። «ንፋስ ስልክ ላፍቶ» ተመርጦ ወረዳው ቢዘለል፣ ላይ ላዩን የሚያይ ፍተሻ አድራሻውን እንደ ሙሉ ቆጥሮ ያሳልፈዋል።

እ.ኤ.አ. በ1995 ለሕዝብ በቀረበው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ በፒኤችፒ፣ «ኢምፕቲ» የተባለው መፈተሻ ወደ ውስጥ አይወርድም፤ አንድ ባዶ ጽሑፍ ብቻ የያዘ አሬይ ለእሱ ባዶ አይደለም። በአንጻሩ 0ን ባዶ ይለዋል። ስለዚህ ግራውንዱን (ምድር ቤቱን) 0 ብሎ የሚመዘግብ ቅጽ፣ የጀሞ ኮንዶሚኒየም የግራውንድ ነዋሪን «ፎቅዎን ይሙሉ» እያለ ሊመልስ ይችላል። በጃቫስክሪፕት ቋንቋ ደግሞ ባዶ አሬይ በሁኔታ ፍተሻ ላይ እንደ እውነት ስለሚቆጠር ርዝመቱን ማየት ያስፈልጋል።

የተለመደው መፍትሔ ራሱን መልሶ የሚጠራ ፈንክሽን ነው፦ አሬይ ሲያገኝ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ጽሑፍ ሲያገኝ የዳር ክፍት ቦታዎችን ቆርጦ ባዶ መሆኑን ያያል። ጭራሽ ያልተላከ የቅጽ መስክ ግን በዚህ መንገድ አይያዝም፤ የግዴታ መስኮች ዝርዝር ለብቻው ይመሳከራል። ቁጥር ላልወጣለት ቤት የሚሞላው «አዲስ» ደግሞ ባዶ ሳይሆን ሙሉ ዋጋ ነው።