እትብት ከነደሙ ሲቀበር

ወሎዬው አገሬ የሚለውን ቦታ «እትብቴ የተቀበረበት» ብሎ ይጠራዋል። ዛሬ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ሆስፒታል ገብታ የምትወልድ እናት የልጇን እትብት ይዛ አትወጣም። እንግዴ ልጁ ብዙ ጊዜ በጤና ተቋሙ ግቢ ለዚሁ በተቆፈረ ጉድጓድ ይገባል። እትብቱ አሁንም ይቀበራል ማለት ነው፣ ያውም ከነደሙ።

ይህ ደም ዋጋ እንዳለው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። ፓሪስ በሚገኘው ሴንት ሉዊ ሆስፒታል ዶክተር ኤሊያን ግሉክማንና ባልደረቦቻቸው ፋንኮኒ አኒሚያ በተባለ በዘር የሚወረስ በሽታ የሚሰቃይን አሜሪካዊ ሕፃን በእህቱ የእትብት ደም አከሙት። ደሙ አሜሪካ ውስጥ እህቱ ስትወለድ ተቀድቶ፣ በረዶ ሆኖ ውቅያኖስ ተሻግሮ ነው የደረሰው። ልጁ ዳነ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ማንኛዋም እናት ለማታውቀው በሽተኛ የምትለግስበት የሕዝብ ባንክ ኒው ዮርክ ውስጥ ተከፈተ።

ዝናው ለሐኪሞቹ ደረሰ። ከረጢቱን የሚሞላው ግን በአብዛኛው ማዋለጃ ክፍል ያለው ባለሙያ ነው፤ አዋላጅ ነርሷ ወይም የማህፀን ሐኪሙ። ምጡ ሳይጠና እናቲቱን አስረድቶ ፈቃድ መጠየቅ፣ እትብቱ ከተቆረጠ በኋላ መርፌ ሰክቶ ደሙን መቅዳት፣ እንዳይረጋ ማወዛወዝ፣ ይህ ሁሉ የደቂቃዎች ሥራ ነው።

ጉዳዩ የፈረንጅ ብቻ አይደለም። ዋሽንግተን ላይ የደም ካንሰር የያዘው ኢትዮጵያዊ የሚመሳሰለውን መቅኔ ለጋሽ ማግኘት ይከብደዋል፤ መዝገቦቹን የሞሉት በብዛት የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ናቸውና። የእትብት ደም ደግሞ ሙሉ በሙሉ ባይገጥምም ይሠራል።

ሆኖም ደሴ ላይ ሕፃኑ ይቀድማል። የዓለም ጤና ድርጅት እትብት ከመቆረጡ በፊት ቢያንስ አንድ ደቂቃ እንዲታገሡ ይመክራል፤ በዚያች ደቂቃ ወደ ሕፃኑ የሚፈሰው ደም የብረት እጥረትን ይከላከላል። ባንኩ ደግሞ ሞላ ያለ ከረጢት ይፈልጋል። ለሕፃኑ የደረሰው ከረጢቱ ውስጥ አይገባም። በደም ማነስ በተጠቃ አገር ደቂቃዋን የምትጠብቀው ነርስ ትክክል ናት።

ሌላው ማቆያው ነው። የእትብት ደም ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሚደርስ ፈሳሽ ናይትሮጅን ዓመታት ይቀመጣል። በ2014 ዓ.ም ሆስፒታሉ በጦርነት የተዘረፈበት ከተማ ይህን ያውቃል፤ አቅርቦቱ ከተቋረጠ የስንት እናት ልግስና ውሃ ይበላዋል።

ቀይ መስቀል እ.ኤ.አ. በ1969 የጀመረው፣ በ2012 ወደ መንግሥት የዞረው ተራው የደም ባንክ ግን ደሴ ላይ አለ። ከወሊድ በኋላ ደም የሚፈሳት የኮምቦልቻ እናት ሐረጎን ወጥታ ስትደርስ የምትፈልገው የዚያን ባንክ ከረጢት ነው።