የጦር መርከብ ያልደረሰበት ገበያ፦ የቀይ ባሕር የባሪያ ንግድ ክልከላና አራዳ

የቀይ ባሕር የባሪያ ንግድ እንዴት እንደ ቀረ ሲተረክ ሁለት አቀራረቦች ጎልተው ይታያሉ። አንደኛው የአውሮፓን የጦር መርከቦች የነፃነት ባለውለታ አድርጎ ያቀርባል። ሁለተኛው መርከቦቹ የቅኝ ግዛት መሣሪያ ነበሩ ብሎ ጉዳዩን በዚያው ይዘጋል። ሁለቱም ዓይናቸውን በባሕሩ ላይ ብቻ በመጣላቸው ሰው የተፈነገለበትን፣ የተነዳበትንና የተሸጠበትን ምድር ይዘሉታል። በዚህ ጽሑፍ የባሕሩን ክልከላ ከደጋው ገበያ፣ በተለይም ከአራዳ፣ ጋር አገናኝተን ለመመልከት እንሞክራለን። ዓመታቱ በእ.ኤ.አ. የተቀመጡ ናቸው።

ክልከላው የቆመው በውል ላይ ነበር። የዑስማኒያ መንግሥት በ1857 የአፍሪካን የባሪያ ንግድ በፈርማን ሲያግድ፣ ጥቂት ቀደም ብሎ በመካ የተነሣውን ዐመፅ በማሰብ ሒጃዝን ከእገዳው ውጭ አደረገ። ዋናው የገዢ ወደብ ጅዳም ክፍት ሆኖ ቀረ። ብሪታኒያ በ1877 ከግብፅ፣ በ1880 ደግሞ ከዑስማኒያ ጋር ባደረገችው ስምምነት የጦር መርከቦቿ በቀይ ባሕር ላይ የእነዚህን አገሮች ጀልባዎች አስቁመው እንዲፈትሹ መብት አገኘች። የ1890ው የብራስልስ ስምምነትም ቁጥጥሩን የብዙ መንግሥታት ጉዳይ አደረገው።

የዚህ ቁጥጥር ፍሬ በሰው ሕይወት ሲለካ እውነተኛ ነበር። በሴፕቴምበር 1888 በአዛዥ ቻርልስ ጊሲንግ የሚመራው «ኦስፕሬይ» የተባለው የብሪታኒያ መርከብ ኦሮሞዎችን ወደ ዐረብ ምድር የሚያሻግሩ ጀልባዎችን ይዞ ከ200 የሚበልጡ ሰዎችን ወደ ዐደን አደረሰ። ከእነርሱና በኋላ ነፃ ከወጡት መካከል 64 ልጆች፣ 42 ወንዶችና 22 ሴቶች፣ በስኮትላንድ ሚሲዮን አማካይነት በ1890 ወደ ደቡብ አፍሪካው የላቭዴል ትምህርት ቤት ተላኩ። ልጆቹ አንድ በአንድ ተጠይቀው የት እንደ ተወለዱ፣ ማን እንደ ያዛቸውና ስንት ጊዜ እንደ ተሸጡ ተመዝግቧል። በ1909 ከመካከላቸው 17ቱ ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰዋል። እዚያው ከቀሩት አንዷ ቢሾ ጃርሳ፣ በሮበን ደሴት ለ10 ዓመት የታሰረው የደቡብ አፍሪካው ምሁር የኔቪል አሌክሳንደር አያት ናት። የኦሮምኛን መጽሐፍ ቅዱስ ዝግጅት ከኦኔሲሞስ ነሲብ ጋር የደከመችበት አስቴር ጋኖም በ1886 ወደ ዐረብ ምድር ስትወሰድ ያስጣሏት የኢጣሊያ መርከቦች ነበሩ። እንግዲህ መርከቦቹ ምንም አልሠሩም ማለት የእነዚህን ሰዎች ዕጣ መካድ ይሆናል።

ይሁንና ገደቡም ግልጽ ነው። ፈረንሳይ መርከቦቿ በብሪታኒያ እንዲፈተሹ ስላልፈቀደች፣ የዑማን ሱር ወደብ ባሕረኞች የፈረንሳይን ባንዲራ እየሰቀሉ ከፍተሻ ያመልጡ ነበር። ይህ ክርክር እስከ ሄግ የግልግል ፍርድ ቤት ደርሶ በ1905 ውሳኔ አገኘ። የፖለቲካ ዋጋም ነበረው። የብራስልስ ስምምነት የባሪያ ንግድን ብቻ ሳይሆን ወደ አፍሪካ የሚገባውን የጦር መሣሪያም ይገድብ ነበር፤ የኢትዮጵያ መቀበልም በውጫሌ ውል ስም በኢጣሊያ በኩል የተገለጸ ነው። ይህችው ኢጣሊያ በ1935 ለወረራዋ ምክንያት ስትደረድር በመንግሥታት ማኅበር ፊት ካቀረበቻቸው ክሶች አንዱ በኢትዮጵያ ያለው ባርነት ነበር። የነፃነት ቃል የወራሪ ሰነድ ሆኖ ቀረበ።

ነገር ግን የከሳሹ ክፋት ክሱን ሐሰት አያደርገውም። በ19ኛው መቶ ዘመን በአንኮበር አቅራቢያ የነበረው የአብዱል ረሱል ገበያ ከደቡብና ከምዕራብ የመጡ ሰዎች የሚሸጡበት ነበር። ከዚያ ቅፍለቱ በአውሳ በረሃ አልፎ ታጁራ ይደርሳል። አዲስ አበባ ስትቆረቆር የንግዱ ማዕከል በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ወደ ተከለው የአራዳ ገበያ ዞረ። ኢጣሊያኖች ገበያውን ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ስፍራ እስኪያዛውሩት ድረስ እህሉ፣ ቡናው፣ አሞሌው፣ የዝሆን ጥርሱና ዝባዱ የሚዋለው እዚያ ነበር። ዐፄ ምኒልክ የሰውን ሽያጭ ደጋግመው በአዋጅ ቢከለክሉም ልውውጡ ከአደባባይ ወደ ጓሮ ተሸሸገ እንጂ አልቆመም።

ከዚህም በላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። በዘመቻ ከተማረኩት ሰዎች ብዙዎቹ ባሕር አላዩም። ውሃ የሚቀዱ፣ እንጨት የሚለቅሙ፣ እህል የሚፈጩ ሆነው በዋና ከተማይቱ ግቢዎች ቀሩ። የጦር መርከብ የሚቆጣጠረው ወደ ውጭ የሚወጣውን ብቻ ነው፤ አራዳ ወጥቶ የሚገዛውን ጌታ ግን ማንም መርከብ አያስቆመውም።

ኃላፊነቱ የማን ነበር? ፍትሐ ነገሥት ክርስቲያን ባሪያን ለሌላ እምነት ሰው መሸጥን እየከለከለ ባለቤትነትን ግን ይፈቅድ ነበር። ስለዚህ መያዙና ማሠራቱ በአብዛኛው የመኳንንቱ፣ ማሻገሩና መሸጡ ደግሞ በአብዛኛው የሙስሊም ነጋዴው ሥራ ሆነ። ይህን ሐቅ የእምነት ወንድሞቻችን ስም እንዳይጎድፍ ብለን መሸፈን ለዲኑ መቆርቆር ሊባል አይችልም። ዲኑ ራሱ በነጋዴዎቹ ላይ ምስክር ነውና።

ቁርኣን ከዘካ ስምንት ድርሻዎች አንዱን ለባሮች ነፃ መውጫ መድቧል፤ በስሕተት ለተፈጸመ ግድያ፣ ለዚሃርና ለፈረሰ መሐላ ማካካሻ ከደነገጋቸው ነገሮችም አንዱ ባሪያን ነፃ ማውጣት ነው። በቡኻሪ የተዘገበ ሐዲስ ነፃ ሰውን ሸጦ ዋጋውን የሚበላን ሰው አላህ በቂያማ ከሚሟገታቸው ይቆጥረዋል። የቲምቡክቱው ዐሊም አሕመድ ባባ በ1615 በጻፉት ፈትዋ የሰው መሠረቱ ነፃነት መሆኑን፣ ሙስሊም የሆነን ሰው ባሪያ ማድረግም የማይፈቀድ መሆኑን አስረድተዋል። የቱኒሱ አሕመድ በይ በ1846 ባርነትን ሲያስቀሩ የሐነፊና የማሊኪ ዑለማዎች ደግፈዋቸዋል። ከምክንያቶቹ አንዱ፣ ገበያ ላይ የሚቀርቡት ሰዎች በትክክለኛ ሸሪዓዊ መንገድ ስለ መያዛቸው ያለው ጥርጣሬ ነበር። ይህ የሆነው ፈረንሳይ በቅኝ ግዛቶቿ ባርነትን ካስቀረችበት ከ1848 ሁለት ዓመት ቀድሞ ነው። በእኛ አገርም ከየመንደሩ በሌሊት የተፈነገለ ሕፃን በየትኛው መዝሀብ ሕጋዊ ምርኮኛ ሊባል ይችላል? በመካከላቸው የሙስሊም ልጆች ሲገኙማ ጥያቄው ይበልጥ ይከብዳል። የፊቅሁ በር ለመዝጋት ተዘጋጅቶ ሳለ የንግዱ ትርፍ ክፍት አድርጎ አቆየው።

ደጋው በሩን የዘጋው ዘግይቶና ቀስ በቀስ ነው። ኢትዮጵያ በ1923 የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማጥፋት ግዴታ ገባች፤ በመጋቢት 1916 ዓ.ም. (1924) እና በ1931 አዋጆች ወጡ። ባርነትን ፈጽሞ የሻረው ሕግ ከወረራው በኋላ በ1942 ታወጀ። ከመጀመሪያው የመርከብ ፍተሻ እስከዚህ ድረስ ያለው ርቀት የሚያስተምረን ባሕሩ ላይ የሚደረግ ቁጥጥር ዋጋን እንደሚያስወድድና መንገድን እንደሚያስለውጥ፣ ፍላጎትን ግን እንደማያጠፋ ነው።

ስለዚህ ለተመራማሪዎቻችን የቀረው ሥራ በለንደንና በሮም መዛግብት ብቻ የሚያልቅ አይደለም። የቃዲዎች የነፃነት ሰነዶች፣ የነጋዴዎች ደብዳቤዎች፣ በየመስጊዱ የተቀመጡ ወቅፎችና የአዛውንት ትውስታ ሊፈለጉና ሊመረመሩ ይገባል። የላቭዴል ልጆች ታሪክ የተረፈልን ጠይቆ የጻፈላቸው ስላገኙ ነው። በአራዳ የቀሩት ግን ጠያቂ አላገኙም። ዛሬም በዘር ስም ሰውን «ባሪያ» ብሎ የሚጠራና በጋብቻ የሚያገል ልማድ ባልጠፋበት አገር፣ የእነዚያን ሰዎች ስምና ትውልድ ፈልጎ ማግኘት ከሁሉ በፊት በእኛ ላይ ያለ አማና ነው።