የማያርፍ ፔዳል፤ በአዳማና በወንጂ ስለ ነበረው ቋሚ ጥርስ ብስክሌት

በዚህ አጭር ጽሑፍ ስለ አንድ ትንሽ መሣሪያ ታሪክ ለመናገር አስበናል። ታሪክ የነገሥታትና የጦርነት ነገር ብቻ ነው የሚል አንባቢ ቢኖር ጥቂት እንዲታገሠን እንለምናለን፤ ሠራተኛው ሕዝብ በየቀኑ የሚቀመጥበት ኮርቻም ሊመረመር ይገባዋልና። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ነገሩ የተነሣው ከክርክር ነው። አንድ የክፍል ጓደኛችን ስለ ቋሚ ጥርስ ብስክሌት ሲያወራ፥ በውጭ አገር ወጣቶች ዘንድ ትልቅ ማኅበር እንዳለውና ለአገራችን ግን ፈጽሞ እንግዳ እንደ ሆነ ተናገረ። ቋሚ ጥርስ የምንለው የኋላ ጎማው ከፔዳሉ ጋር ተቈራኝቶ የሚዞረውን ነው፤ ጎማው እስኪቆም ድረስ እግር አያርፍም፤ ወደ ኋላ ሲረግጡት ደግሞ ፍጥነቱን ይገታል። እኛ አዳማ ያደግን ስለ ሆንን በልጅነታችን እንደዚህ ያለ ብስክሌት ማየታችን ትዝ አለን። ስለዚህ በዕረፍታችን ወራት በአዳማና በወንጂ መካከል እየተመላለስን ሰው ጠየቅን።

አስቀድሞ ስለ መሣሪያው ጥቂት እንበል። ስታርሊ የተባለው እንግሊዛዊ በ1885 በኮቨንትሪ ከተማ የኋላ ጎማው በካቴና የሚዞረውን ብስክሌት አወጣ፤ በ1888 ደንሎፕ በቤልፋስት በአየር የሚነፋውን ጎማ ጨመረበት። እግር ሲያርፍ ጎማው ብቻውን እንዲሮጥ የሚፈቅደው ነጻ ጥርስ በሰፊው የተለመደው በ1900 ገደማ ነው። እንግዲህ ዛሬ አዲስ ፋሽን የሚባለው ከሁሉ የቀደመው ነው ማለት ነው። በጃፓን በ1948 በኮኩራ ከተማ የተጀመረው የኬይሪን ውድድር እስከ ዛሬ ፍሬን በሌለው ቋሚ ጥርስ ይካሄዳል። በኒው ዮርክም ደብዳቤና ጥቅል የሚያደርሱ መልእክተኞች ይህንኑ ብስክሌት ወደዱት፤ ከእነርሱም የከተማ ወጣቶች ወረሱት።

ወደ አገራችን ብስክሌት በየት በር ገባ? ለዚህ ምስክር እንዲሆነን ቃሉን ጠየቅነው። ፈረንሳዮች ቢሲክሌት፥ ጣሊያኖች ቢቺክሌታ ይላሉ። በአሥመራ ብሽክለታ መባሉ የጣሊያኑ ልጅ መሆኑን ከመጨረሻው ድምፅ ያስታውቃል። የአማርኛው ብስክሌት ግን የ«ስ»ን ድምፅ ጠብቆ መጨረሻውን ስለ ቈረጠ ወደ ፈረንሳይኛው ያደላል። የጅቡቲው ባቡር በ1902 ድሬዳዋ፥ በ1917 አዲስ አበባ ደርሷል፤ አዳማም በዚሁ መሥመር ላይ ናት። ለገሀር የሚለውን ስም ያስገባልን የፈረንሳይኛ ቋንቋ ብስክሌትንም አብሮ ቢያስገባ የሚያስደንቅ አይደለም። ነገር ግን ወደ ጠጋኙ ቤት ስንገባ ሌላ ቋንቋ እንሰማለን፤ ካቴና፥ ቸርኬ፥ ጎማ፥ ከመነዳሪ፥ ጎሚስታ፤ እነዚህ ሁሉ የጣሊያን ቃላት ናቸው። ፍሬን ከሁለቱም ሊመጣ ስለሚችል ለማንም አንፈርድለትም። እንግዲህ ስሙ በባቡር መጥቶ፥ የጥገናው ሙያ ከ1936 እስከ 1941 በነበረው የወረራ ዘመንና ከዚያ በኋላ በቀሩት መካኒኮች እጅ ተስፋፋ ብለን እናስባለን። መምህሮቻችን ማስረጃው ቀጭን ነው ቢሉን አንከራከርም።

ወንጂ ግን ራስዋን የቻለች ታሪክ ናት። ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በኢንዶኔዥያ ከነበረው ርስቱ በኋላ ወደ አዋሽ ሸለቆ መጥቶ በ1954 የወንጂን፥ በ1962 ደግሞ የሸዋን የስኳር ፋብሪካ ሥራ አስጀመረ፤ ሁለቱም በ1975 በመንግሥት ተወረሱ። የሸንኮራው ማሳ ሰፊ፥ ምድሩም ሜዳ ስለ ሆነ፥ ከመንደር ወደ ማሳ በቦዩ ዳር ለሚመላለሰው ሠራተኛ ብስክሌት ሁለተኛ እግሩ ሆነ። ሆላንዶች በአገራቸው ብስክሌት ወዳድ መሆናቸው የታወቀ ነው፤ ሠራተኛው ከእነርሱ ተማረ ለማለት ግን አንደፍርም። ሜዳው ራሱ ያስተምራል።

በመጽሐፍ የሚገኘው የተወዳዳሪዎች ታሪክ ብቻ ነው። በ1956 በሜልቦርን ኦሊምፒክ ገረመው ደንቦባ፥ መስፍን ተስፋዬ፥ ኃይሉ ፋና እና ጸሐዬ ባህታ ተሰልፈው ቡድናችን ዘጠነኛ ወጣ፤ አገራችን በኦሊምፒክ ስትሰለፍ የመጀመሪያዋ ነበረ። ከስድሳ ዓመት በኋላ በ2016 ጽጋቡ ግርማይ የፈረንሳይን ዙር በመጋለብ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ይህ የሚያኮራ ነው። ሌሊት ተነሥቶ በአሮጌ ብስክሌት ወደ ሸንኮራ ማሳ የወረደውን ሰው ግን ማን ጻፈው?

በአዳማ ከአሮጌው ገበያ አጠገብ ከአርባ ዓመት በላይ ብስክሌት የጠገኑ አንድ ሽማግሌ አገኘን። ስማቸውን እንዳንጽፍ ስለ ለመኑን አባባ እያልን እንጠራቸዋለን። ቋሚ ጥርስ ያለው ብስክሌት ያውቁ እንደ ሆነ ብንጠይቃቸው ሣቁብን።

«ልጆቼ፥ በደርግ ጊዜ መለዋወጫ ጠፋ። የነጻው ጥርስ ምላስ ሲያልቅ ፔዳሉ ባዶውን ይዞራል፤ ሰውዬው ሥራ መግባት አለበት፤ እኔ ምን ላድርግ? ወደ በያጅ እወስድና አስበይደዋለሁ። ሲበየድ ከጎማው ጋር አንድ ይሆናል፤ ይሄዳል፤ እግር ግን አያሳርፍም» አሉን።

ከአዳማ ወደ ወንጂ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን መንገዱ ወደ ሸለቆው ይወርዳል። ሲወርዱ እግር ከጎማው ጋር መሮጥ አለበት፤ ሲመለሱ ደግሞ ዳገቱና የአዳማ ነፋስ ይጠብቃሉ። ነፋሱን የማያውቅ አንባቢ ከከተማው ዳር በ2012 የተተከሉትን የነፋስ ኀይል ማመንጫዎች ያስታውስ።

ከሁሉ የከበደን ስለ ጓደኛቸው የነገሩን ነው። ፍሬኑ ያለቀ፥ ጥርሱ የተበየደ ብስክሌት ይዞ ቁልቁለቱን ሲወርድ ለመገታት ወደ ኋላ ረገጠ። የተበየደው ጥርስ በጥምዙ ተፈታና ፔዳሉ ባዶ ቀረ። ሰውዬው ከድንጋይ ላይ ወድቆ እግሩ ተሰበረ፤ እስኪሞት ድረስም አነከሰ። ነገሩን በኋላ ስንመረምር ምክንያቱ ተገለጠልን። በፋብሪካ የተሠራው እውነተኛ ቋሚ ጥርስ በተቃራኒ አቅጣጫ የተጠመዘዘ ሁለተኛ ቀለበት ስላለው ወደ ኋላ ሲረግጡት አይፈታም። በብየዳ የተሠራው ይህ ቀለበት የለውም። እኚህ ሽማግሌ ይህን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከጓደኛቸው እግር ተማሩት። ከዚያ ቀን ወዲህ የፊት ፍሬን ለሌለው ሰው አላስበይድም ብለው እምቢ ይሉ ነበር፤ በዚህም ብዙ ደንበኛ ቀረባቸው።

ያን ጊዜ የኒው ዮርክን ወጣቶች ሥዕል አሳየናቸው። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ጊዜ ተመለከቱት።

«ፍሬኑን የሸጡት ለምግብ ነው?» አሉ።

«አይደለም አባባ፤ ወደው ነው ያወጡት» አልናቸው።

«እኛ ወደን አላወጣነውም። ይህን ጻፉልኝ።»

ስለዚህ ጽፈናል። ስንጀምር ጓደኛችንን ልንረታውና የእኛ ሰዎች ከኒው ዮርኮቹ ቀደሙ ልንል አስበን ነበር። አሁን ግን እንደዚያ ለማለት አፈርን። መሣሪያው አንድ ቢሆንም የአንዱ ምርጫ ለሌላው ችግር ነበረ፤ ጀግንነት ብለን ብንጠራው የተሰበረውን እግር መሸፋፈን ይሆንብናል። ማኅበር አልነበረም የሚለውን የጓደኛችንን ቃል ግን አሁንም አንቀበልም። ሽማግሌው እንደ ነገሩን በጠጋኙ ደጅ አንዱ ፖምፓ ለሁሉ ነበረ፤ ከሌሊት ፈረቃ የሚመለሱትም መብራት ያለውን አንዱን ከፊት አስቀድመው በሰልፍ ይጓዙ ነበር። የአባልነት ደብተር ስላልነበራቸው ማኅበር አልነበሩም ማለት አይቻልም።

ዛሬ ባጃጅ የብስክሌቱን ቦታ ወስዷል። በ2014 የተከፈተው የአዲስ አበባና የአዳማ ፈጣን መንገድም ለብስክሌተኛ የተፈቀደ አይደለም። ሽማግሌው አሁን ከሚጠግኑት ጎማ የሚበዛው የባጃጅ ነው። በግድግዳቸው ላይ ግን አንድ ዝገት የበላው የኋላ ጎማ ተሰቅሏል። ጥርሱን በእጃችን ብናዞረው ቸርኬው አብሮ ዞረ። ለኮሌጃችን የጥንት ዕቃዎች ስብስብ እንዲሰጡን ለመንናቸው።

«ባለቤቱ ሊወስደው ይመጣ ይሆናል» ብለው መልሰው ሰቀሉት።